ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ሲዞሩ የኖሩት የአቶ ዴልማር ብሩምፊልድ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዴልማር ብሩምፊልድ ከአባታቸው ከአቶ ጆሳያ ብሩምፊልድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉቪኒያ ጌትስ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው በስዋን ቤንድ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1948 ተወለዱ። ወንዙ በዚያ ሳምንት ሞልቶ መንገዱን ስለዋጠው አዋላጇ የመጡት በጀልባ ነበር። ጉሙም ከመክበዱ የተነሳ ቤቱን ያገኙት የወይዘሮ ሉቪኒያን የምጥ ድምፅ ተከትለው ነው። እናታቸው ይህን እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ያወሩት ነበር፤ ይህ ልጅ ገና ሳይወለድ ሰው ከቤቱ አስወጥቶ መንገድ ላይ ያዋለ ነው ይሉ ነበር። ልጃቸው ኋላ የያዙት ሥራም ያው ሆኖ ቀረ።

አባታቸው አቶ ጆሳያ በወንዙ ዳር የራሳቸው ማሳ ከነበራቸው ጥቂት ጥቁር ገበሬዎች አንዱ ነበሩ። ዴልማር ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ወንዙ በአንድ የጎርፍ ወቅት የቀድሞ መታጠፊያውን ትቶ በሌላ መንገድ ሄደ፤ ማሳውንም ይዞት ሄደ። ድርቅ በሆነባቸው ዓመታት የአጥሩ ቋሚዎች ከውኃው ውስጥ ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። አቶ ጆሳያ እሑድ እሑድ ዳር ላይ ቆመው አጥራቸውን አይተው ይመለሱ ነበር። ከዚያ በኋላ በሰው ጥጥ ማሳ ሲሠሩ ቆይተው በ1955 አረፉ። አቶ ዴልማር አባታቸውን የሚያስታውሷቸው በጉም ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው እንደቆሙ ነው። ፊታቸውን ለማየት በሕልማቸው ብዙ ጊዜ ዞረው ዞረው እንዳልሆነላቸው ለልጆቻቸው ነግረዋል።

ከዚህ በኋላ ስለ ታላቅ እህታቸው ስለ ወይዘሪት ኦዜላ ሳንናገር ወደፊት መሄድ አንችልም። ወይዘሪት ኦዜላ ወንድማቸውን በዘጠኝ ዓመት ይበልጣሉ፤ ቁጡ፣ ቁጥብና ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። በ1957 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሲጨርሱ ታረንት ሂል ኮሌጅ ተቀበላቸው። ሻንጣው ተዘጋጀ፣ ልብሱ ተተኮሰ፣ ከኮሌጁ የተላኩ ባርኔጣ የደፉ ሽማግሌም ሊወስዷቸው መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ቀዝቃዛ ሻይ ቀረበላቸው። የዘጠኝ ዓመቱ ዴልማር ከደረጃው ሥር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

ወይዘሮ ሉቪኒያ እንግዳውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ልጄ የምትተኛበትን አልጋ በዓይንዎ አይተውታል?» አሉ።

ሽማግሌው ጥሩ አልጋ እንደሆነ ሰዎች ነግረውኛል ብለው መለሱ።

«እንግዲያው የነገሩዎትን ሰዎች ይላኩልኝ» አሉ ወይዘሮ ሉቪኒያ፣ ተነሥተውም ወደ ቤት ገቡ።

በዚያ ዘመን በሚሲሲፒ አንዲት ጥቁር ልጅ ከቤቷ ርቃ የት እንዳደረች አለማወቅ ለእናት ቀላል ነገር አልነበረም። ማንም በወይዘሮ ሉቪኒያ ሊፈርድ አይችልም። ነገር ግን ሻንጣው ተፈታ፣ ልብሱም ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሰ። ወይዘሪት ኦዜላ አላለቀሱም፣ አልተጣሉም፤ በማግስቱ ከተማ ሄደው በልብስ ንጽሕና ቤት ተኳሽ ሆነው ተቀጠሩ። ወንድማቸው ግን ያን ባዶ ሻንጣ ሲያዩ አንድ ነገር በልባቸው ውስጥ ተተከለ። እህታቸው አንድ ቀን ኮሌጅ ሲገቡ ማየት የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ሆነ። ብዙዎቻችሁ አቶ ዴልማርን በሌላ ሥራቸው ታውቋቸዋላችሁ፤ እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው የኖሩት ለዚህች አንዲት ምኞት ነው።

አቶ ዴልማር በስዋን ቤንድና በአቅራቢያው ከተማ ተምረው በ1966 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት፣ እህታቸው ቀንና ማታ ልብስ ተኩሰው ባገኙት ገንዘብ፣ አቶ ዴልማር ታረንት ሂል ኮሌጅ ገቡ። ስለ እሳቸው አልጋ የጠየቀ ሰው የለም። ወንድ ልጅ መሬትም ላይ ይተኛል ተብሎ ነው መሰል። በ1970 በታሪክ ትምህርት ተመረቁ። በምርቃቱ ቀን ወይዘሪት ኦዜላ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው አጨበጨቡ። ከዚያም የግቢውን ዛፎች አንድ በአንድ እያዩ ብቻቸውን ሲዞሩ ከቆዩ በኋላ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሄዱ።

በ1971 አቶ ዴልማር በኮሌጁ የተማሪዎች ቅበላ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ እየዞሩ ተማሪ መመልመል ነበር። ምልመላው የሚካሄድበት የመጀመሪያው መከር አልተሳካላቸውም። ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን የኮሌጁን ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በራሪ ወረቀቱን ደርድረው ስለ ኮሌጁ አመሠራረት ረዥም ንግግር ያደርጋሉ። ተማሪዎቹ እስክሪብቶውን አንሥተው ወረቀቱን ትተው ይሄዳሉ። ሙሉ ልብስ ስለሚለብሱ ፓስተር የመሰሏቸውም ነበሩ፤ አንዲት ልጅ እንዲያውም ጸልዩልኝ ብላ እጇን ዘርግታላቸዋለች። ጸለዩላት፤ ኮሌጅ ግን አልገባችም።

በሚቀጥለው ዓመት በኮረብታማው አገር ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ልጅ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ አምልጦ ከጠረጴዛቸው ሥር ተደበቀ። አቶ ዴልማር የዚያን ቀን ንግግር ደክሟቸው ነበር። ጎንበስ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ማንም ሳያዝህ የምታደርገው ነገር ምንድን ነው?» አሉት። ልጁ ትንሽ አሰበና የሞተ ራዲዮ አስነሣለሁ አለ። የሰፈሩን ራዲዮዎች ስምና ሕመም ዘረዘረላቸው። ደወሉ ተደውሎ ትምህርት ቤቱ ባዶ እስኪሆን አወሩ። ያ ልጅ ኢንጂነር አልቪን ስታክሃውስ ናቸው፤ ዛሬ በመካከላችን በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠዋል፤ አሁን ከጠረጴዛ ሥር ለመግባት ሆዳቸው አይፈቅድላቸውም እንጂ ያው ናቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ዴልማር ንግግሩን ትተው ይህን አንድ ጥያቄ ይዘው ዞሩ። ደረቅ መልስም አይቀበሉም ነበር። እተኛለሁ ላላቸው ልጅ ተኝተህ ምን ታያለህ ይሉታል። አንዲቷ ከእናቷ ጋር እጨቃጨቃለሁ ብትላቸው የሕግ ትምህርት ክፍሉን ነገሯት፤ ዛሬ ዳኛ ናት፤ እናቷም አሁን አይከራከሯትም ይባላል። ልጆቹ ስማቸውን ስለማይይዙ «ሰውየው ከነጨርቁ» ይሏቸው ነበር። ያን ጨርቅ በየዓመቱ መስከረም ከመግባቱ በፊት የሚተኩሱት ወይዘሪት ኦዜላ ነበሩ። አንድም የተጨማደደ ቦታ አይተዉበትም ነበር።

ልጁ እሺ ቢልም እናት እንቢ ካለች ነገሩ ከንቱ መሆኑን አቶ ዴልማር ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። ስለዚህ በ1974 በኮሌጁ ማንም አስቦት የማያውቅ ነገር ጀመሩ። ልጆቻቸውን ለመላክ የፈሩ እናቶችን በሚኒባስ ሰብስበው ወደ ግቢው አምጥተው፣ እያንዳንዷን ልጇ ልትተኛበት በምትችለው አልጋ ላይ አንድ ሌሊት ማሳደር ነበር። የኮሌጁ አስተዳደር መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን የአገሩ ሰው «የእናቶች አዳር» ብሎ ስም ሲያወጣለት ዝም አለ። እናቶቹ የየራሳቸውን ትራስና አንሶላ፣ የተጠበሰ ዶሮና የበቆሎ ዳቦ ይዘው ይመጡ ነበር። አንዷ መጥረጊያ ይዘው መጥተው ሦስት ክፍል ጠርገው ነው የተኙት። ሌላዋ ልጃቸው ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ የምትረግጠውን ወለል በባዶ እግራቸው ሄደው አዩት። ጠዋት በቁርስ ሰዓት አቶ ዴልማር ምንም አይጠይቋቸውም፤ ገንፎውን ያቀርቡና ይጠብቃሉ። እሺ ያሉም ነበሩ፣ እንቢ ብለው የሄዱም ነበሩ። እንቢ ያሉትንም አቶ ዴልማር እቤታቸው ድረስ በአክብሮት አድርሰው ነው የሚመለሱት።

በ1975 አቶ ዴልማር ከወይዘሮ ኮራሊ ቫንስ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተሳሰሩ። ወይዘሮ ኮራሊ ከዋናው መንገድ ርቆ በሚገኝ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በዓመት ከሁለት የማይበልጡ ተመራቂዎች ወደ ኮሌጅ የሚልክ ሲሆን፣ አቶ ዴልማር በአንድ መከር ውስጥ ደጋግመው ሊመለምሉ መጡበት። ርእሰ መምህሩ በመጨረሻ፣ እዚህ ቤት የቀረ ተማሪ የለም፣ የቀረችው አስተማሪዋ ናት ብለው ገላገሏቸው። ከጋብቻቸው ረኔታንና ቴረንስን ወልደው አሳድገዋል። ይህን የምትጽፈው ረኔታ ናት።

መከር በመጣ ቁጥር አባታችን ቤት አልነበሩም። እውነቱ ይነገር፣ የልደት ቀኔ ኦክቶበር ውስጥ ስለሆነ አባቴን ሻማ ሳጠፋ ያየሁበት ዓመት ጥቂት ነው። ሲመለሱ ግን መንገዱን ይዘውት ይመጡ ነበር። ጥጡ ሲፈነዳ ሁለቱም ወገን ነጭ ሆኖ መሃሉን ብቻቸውን ሲነዱ፣ መኪናው የቆመ መሬቱ የሚሄድ ይመስላቸው እንደነበር፣ በየቤቱ አጥር ላይ የቆመ ልጅ ሁሉ ሊጠራቸው እጁን ያነሣ እንደሚመስላቸው እያወሩልን እንቅልፍ ይወስደን ነበር። እናታችን ይሉ እንደነበረው ተኝተውም አያርፉም። በእንቅልፍ ልባቸው የትምህርት ቤቶችን ስም እየጠሩ መሪ ያዞራሉ፣ አንዳንዴም ፍሬን ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ አልጋው ይንቀሳቀሳል።

የዓመቱ ጉዞ የሚያበቃው ሁልጊዜ በስዋን ቤንድ ነበር። አቶ ዴልማር እቤት ገብተው፣ እናታቸውን ስመው፣ የተጠበሰ ዓሣቸውን በልተው ሲያበቁ ጨርቁን በእህታቸው የእንጨት ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋሉ። በራሪ ወረቀቱን ይደረድሩና ስለ ታረንት ሂል ኮሌጅ ገለጻ ያደርጋሉ። ለሌላው የተዉትን ያን ረዥም ንግግር ለእህታቸው ግን አልተዉላቸውም። ወይዘሪት ኦዜላ እጃቸውን አጣጥፈው እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ሰምተው ሲያበቁ፣ «አስብበታለሁ፣ ጌታዬ» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል። አቶ ዴልማርም ይስቃሉ፤ ጨርቁን አጥፈው ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ግን ለረዥም ጊዜ ሞተር ሳያስነሡ ይቀመጡ ነበር።

የወይዘሪት ኦዜላ ምክንያት አንዱ ሲሄድ ሌላው ይመጣ ነበር። በመጀመሪያ እናታችንን ማን ይይዝልኛል አሉ። ቀጥሎ ልብስ ንጽሕና ቤቱ ያለ እኔ አይከፈትም አሉ። አንድ ዓመትማ ዶሮዎቹ ከእኔ በቀር ሰው አይለምዱም ብለው ነበር። አቶ ዴልማር ከልባቸው የሚያምኑት ምክንያት ሌላ ነበር፤ እህቴ ያልገባችው እናታችን ስለከለከለቻት ነው፣ እናታችን ራሷ ካልፈቀደች በልቧ አትሄድም ይሉ ነበር። ስለዚህ በ1983 ወይዘሮ ሉቪኒያን በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ ከሌሎች እናቶች ጋር ሚኒባስ ውስጥ አስገብተው ወደ አዳሩ ወሰዷቸው።

ወይዘሮ ሉቪኒያ አልጋውን ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። በመስኮቱ ምን እንደሚታይ አዩ፣ የበሩን ቁልፍ ዘግተው ከፈቱ፤ ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ እንደ ልጅ ተኙ። ጠዋት ገንፎውን አልነኩም።  ቤት ሲደርሱ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ወደ ወይዘሪት ኦዜላ ክፍል ገብተው ከልጃቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አልጋው ጥሩ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ፣ እማዬ» አሉ ወይዘሪት ኦዜላ።

 እጅ ለእጅ ተያይዘው ምሳ ሰዓት እስኪያልፍ ተቀመጡ። አቶ ዴልማር ከበረንዳው ሆነው በመስኮቱ ሲያዩ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መንገዱ የተከፈተ መሰላቸው። በዚያው ሰሞን ጨርቁን ዘርግተው፣ አምሮባቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ገለጻውን አደረጉ። ወይዘሪት ኦዜላ ሰሙ። «አስብበታለሁ፣ ጌታዬ» አሉ። በዚያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ወይዘሮ ሉቪኒያ በ1991 አረፉ። አቶ ዴልማር በ1994 የተማሪዎች ቅበላ ክፍል ኃላፊ ሆኑ፤ ኃላፊ ከሆኑም በኋላ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ ስላልሆነላቸው መዞሩን ቀጠሉ። በ2013 ጡረታ ሲወጡ ኮሌጁ በክብር ሸኛቸው፤ እሳቸውም በማግስቱ አንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ተገኙ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮራሊ በ2016 ካረፉ በኋላ መኪናቸውን ለልጃቸው ለቴረንስ ሰጥተው ከመንገድ ወረዱ። ወደ ስዋን ቤንድ በየመከሩ መሄዳቸውን ግን አልተዉም፤ እኔ ነበርኩ የምነዳላቸው። ገለጻቸውን ቃል በቃል ስለያዝኩት ቢሳሳቱ ከወንበሬ ሆኜ አርማቸው ነበር። እህቴን ሳላስገባ እሞታለሁ ብለው አንድ ጊዜ መኪና ውስጥ ነግረውኛል። ያን ሲሉ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር፤ እኔም መንገዱን እንጂ እሳቸውን አላየሁም።

በ2021 አቶ ዴልማር የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። ወይዘሪት ኦዜላ ዶሮዎቻቸውን ለጎረቤት ሰጥተው፣ ወንድሜን የሰው እጅ አይጠብቀውም ብለው ወንድማቸው ወደሚኖሩበት፣ ኮሌጁ ወዳለበት ከተማ መጥተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። በዶሮዎቹ ምክንያት ኮሌጅ አልገባም ያሉት ሴትዮ ዶሮዎቹን በአንድ ጠዋት ጥለው መጡ።

በ2022 ጸደይ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወይዘሪት ኦዜላ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው አደንጓሬ ይፈለፍሉ ነበር። እኔ ኩሽና ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። አቶ ዴልማር ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ያን ንግግራቸውን ጀመሩ። ኮሌጁ የተመሠረተበት ዘመን ላይ ሲደርሱ እህታቸው የአደንጓሬውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጡት።

«ዴል፣ የሰው ልጅ ስታገኝ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምንድን ነው?» አሉ።

አቶ ዴልማር ፈገግ ብለው ነገሯቸው።

«እኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

 እኔም ውኃውን ዘጋሁት። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል የተባለው ለካ እቤታችን ውስጥ ነበር።

«አንተ በየዓመቱ እየመጣህ የምትጠራው እማዬ ያስቀረቻትን የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነው» አሉ ወይዘሪት ኦዜላ፣ ሳይቆጡ። «እሷ ከሄደች ቆየች፣ ዴል። ዝም ብዬ የሰማሁህ ደስ እንዲልህ ነው። እኔ ግን ሁልጊዜ እዚሁ ፊትህ ነበርኩ።»

አቶ ዴልማር አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ ያን ሁሉ ዓመት መኪና ውስጥ ያስቀሩት እንባ ነው የወረደው። እህታቸው አላባበሏቸውም፤ ጠበቁ። ከዚያ አቶ ዴልማር ፊታቸውን ጠረጉ፣ የሌሊት ልብሳቸውን ኮሌታ አስተካከሉ፣ አዲስ ሰው እንደሚተዋወቁ ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እህትዬ፣ ማንም ሳያዝሽ የምታደርጊው ነገር ምንድን ነው?»

ወይዘሪት ኦዜላ መልሱን ለመፈለግ አልተቸገሩም። «እሑድ ከጸሎት መልስ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ» አሉ። «ውኃው የደረሰበት ላይ እንጨት እተክላለሁ። በሌላው ጊዜ ስሄድ ስንት ርምጃ እንደተጠጋ ወይ እንደሸሸ አያለሁ። አባዬ ከሞተ ጀምሮ።»

ወንድማቸው እነዚያን እንጨቶች በየመከሩ አይተዋቸዋል። የዓሣ ማጥመጃ ማሠሪያ ናቸው ብለው ነበር የሚያልፏቸው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አሏቸው።

«ማሳችንን ለምን እንደወሰደው ማወቅ እፈልጋለሁ። መቼም ተቆጥቶን አይደለም። ወንዝ ለምን ቦታውን ይለቃል? ይህን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።»

«አለ» አሉ አቶ ዴልማር። «ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ያስተምራል።»

ወይዘሪት ኦዜላ አደንጓሬያቸውን አነሡና መፈልፈላቸውን ቀጠሉ። እየፈለፈሉም ያ ሰው በሰማንያ ሦስት ዓመት አሮጊት ይስቅ እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ዴልማርም በዕድሜ ልክ ሥራቸው ከዚህ የደከመ ምክንያት ሰምተው እንደማያውቁ፣ የዶሮዎቹ እንኳ ይሻል እንደነበር ነገሯቸው።

ነገሩ በዚያው ቀን አላለቀም። የወንድማቸው ሕመም ስለከበደ ወይዘሪት ኦዜላ አንድ ዓመት ሙሉ ከአጠገባቸው አልለይም አሉ። አቶ ዴልማር ደግሞ ካልተመዘገብሽ መድኃኒቴን አልውጥም አሉ፤ ሁለቱም ብሩምፊልድ ናቸውና ቤቱ ጉድ አየ። በመጨረሻ ወይዘሪት ኦዜላ በኦገስት 2023፣ በሰማንያ አራት ዓመታቸው፣ በመሬትና በወንዞች ጥናት ታረንት ሂል ኮሌጅ ተመዘገቡ። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ጉም ነበር። አቶ ዴልማር በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ሙሉ ልብሳቸውን አስለብሰናቸው ተቀመጡ። እህታቸው ቦርሳቸውን አንግተው ወደ ግቢው ሲሄዱ፣ ጉሙ ውስጥ ገብተው እስኪጠፉ በዓይናቸው ሸኟቸው፤ ከጠፉም በኋላ ቡናው ቀዝቅዞ እስኪጣል ድረስ ወደዚያው ይመለከቱ ነበር። ደስ ብሎኛል አሉኝ። አባቴ ይህን ቃል ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ሌላ ጊዜ ደስ ቢላቸው የሚያወሩት ስለ መንገድ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ማስተማሩ ወደ እህታቸው ዞረ። ከትምህርት ሲመለሱ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው የዕለቱን ለወንድማቸው ይነግሯቸዋል። ውኃ በመታጠፊያው ውጭ ሲሮጥ ዳሩን እንደሚበላ፣ በውስጠኛው በኩል ሲያዘግም ደግሞ የበላውን እንደሚያስቀምጥ በጣታቸው በብርድ ልብሱ ላይ እየሣሉ አሳዩአቸው። የአባታቸው ማሳ አልጠፋም ማለት ነው፤ ተንሸራቶ ከታች፣ በሌላ ዳርቻ፣ አሸዋና ጭቃ ሆኖ ተኝቷል፤ ዛፍም በቅሎበት ሊሆን ይችላል።  አቶ ዴልማር የት አካባቢ ይመስልሻል አሉ። ወይዘሪት ኦዜላም መምህሩ ኦክቶበር 21 ቀን ቅዳሜ ተማሪዎቹን ይዘው ወደ ወንዙ ዳርቻ እንደሚወርዱ ነግረው፣ ያን ጊዜ አይቼ እነግርሃለሁ አሏቸው። አቶ ዴልማር ቀኑን ያዙት። በኋለኞቹ ቀናት ነገሮች ሲደባለቁባቸው፣ እኔን አዋላጇ እያሉ ሲጠሩኝ፣ ያን ቅዳሜ ግን አልረሱም። ምንም ቢመጣ፣ ማንም ቢሞት፣ እህቴ ከዚያ ትምህርት እንዳትቀር ብለው አስማሉን።

አቶ ዴልማር ብሩምፊልድ በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 17 ቀን 2023 ንጋት ላይ፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እህታቸው እጃቸውን እንደያዙ በሰላም አርፈዋል። ብዙዎቻችሁ ቀብሩ ለምን በዚያው ቅዳሜ እንዳልሆነ፣ ለምን እስከ ዛሬ እንደዘገየ ጠይቃችሁናል። ቤተሰቡ እስከ አሁን አልመለሰም ነበር። ያን ቅዳሜ ወይዘሪት ኦዜላ ትምህርት ነበራቸው።

ሄዱ። እንደ ልጅ ልጆቻቸው በሚሆኑ ተማሪዎች መካከል፣ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወደ ወንዙ ወረዱ። ማታ ሲመለሱ ወደ ቤት አልመጡም፤ ወንድማቸው ወደ ተኙበት ወደ አስከሬን ማረፊያው አስነዱኝ፤ ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነበር። ብቻቸውን ገብተው በሩን ዘጉ። ያዩትን ሁሉ ነግረዋቸው ወጡ። ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም፣ አልጠየቅሁምም።

አቶ ዴልማር ብሩምፊልድ የአንድ ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ረኔታና ቴረንስ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም በየጥጥ ማሳው መካከል ካለ ትምህርት ቤት የጠሯቸውና ቆጥረን የማንጨርሳቸው ተማሪዎቻቸው ዛሬ ይሸኟቸዋል። ከእነርሱም ጋር ታላቅ እህታቸው፣ የታረንት ሂል ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ወይዘሪት ኦዜላ ብሩምፊልድ አሉ።

ቸሩ አምላክ ይህን መንገደኛ ተቀብሎ በአባቶቻቸው ማረፊያ ያሳርፍልን። ለቀረነው ደግሞ እርስ በርሳችን የምንጠያየቅበትን ዕድሜ ይስጠን። አሜን።